ክሩ ከተቆረጠ ተጠግኗል

ሰኔ 9

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የታሪክ ጸሐፊዋ ናት። ሕንጻው ተሽጧልና ታሪኩ ሳይጠፋ ይጻፍ ብላ ትመላለሳለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። ስነግራት ዋልኩ። «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ትለኛለች። ምን ይሰማኛል፣ ሥራ ነው። በመጨረሻ እጇ ዛለ መሰለኝ «አባባ፣ ትዝ ያለዎትን ራስዎ ይጻፉት» ብላ ደብተሩን ትታልኝ ሄደች። መጻፍ ይችላሉ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ይህን ወድጄላታለሁ።

እችላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት የጨርቅ ቦንዳ ላይ ከታተመው ነው። መጀመሪያ «ሱ»ን ያዝኩ፣ ሱፍ። ቀጥሎ «ሐ»ን፣ ሐር። ስለዚህ መስመሬ ቢጣመም ማንም አፉን አያጣምምብኝ።

ሰኔ 10

ስለ ሕንጻው። የጨርቅ ንግድ ቤት ነበር። ፊት ለፊቱ ድንጋይ ነው፣ ግን ድንጋይ አይመስልም። ጠራቢዎቹ እንደ መጋረጃ አጣጥፈው ነው የቀረጹት፣ ከላይ እስከ ታች ተለቆ የወረደ ጨርቅ። እንግዳ ሰው መጀመሪያ እጁን ሰዶ ይዳብሰዋል፣ ከዚያ ያፍራል።

ምድሩ ላይ ሱፍ፣ አንደኛው ላይ ጥጥ፣ ሁለተኛው ላይ ሐር፣ ሦስተኛው ላይ ጸሐፊዎቹ። አራተኛው የኛ የጨርቅ መርማሪዎቹ ነበር። መሐሉ እንደ ጉድጓድ ክፍት ነው። ከላይ ቁልቁል ሲያዩት የምድሩ እብነ በረድ መሐረብ ያህላል። የምንሠራበት የመስታወት ክፍል ከዚያ ክፍት ማዶ ነው፣ ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት። ከደረጃው አናት ወደዚያ የሚያሻግር አንድ የእንጨት ድልድይ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ ሆን ብሎ ለብቻው አንጠለጠለው፣ የሌላ ግድግዳ ጥላ ጨርቁ ላይ እንዳያርፍ። እዚያ መብራት ማብራት ክልክል ነበር። ጨርቅ የሚመረመረው በቀን ብርሃን ነው።

የተሰፋ ልብስ በካርቶን መምጣት ሲጀምር ቤቱ ሞተ። እኔ አልሞትኩም። ቁልፉን ይዤ ቀረሁ። የምተኛው ከደረጃው አናት ባለችው ክፍል ነው፣ ድሮ የክር ማስቀመጫ ነበረች። ቀይ ክር እስካሁን በመሳቢያው ሞልቷል።

ሰኔ 14

ልጄ መጣች። ገዢዎቹ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ውጣ ብለውኛል፣ እሷም ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታለች። ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው አልኳት።

«ሳጥኑስ በዚህ ደረጃ የሚወርድ መስሎህ ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩላትም። ምላሷ የእናቷ ነው።

ሰኔ 17

መሐንዲሱ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ ሲያዩት የሚጠላ አይደለም። ከድልድዩ ሥር ባትሪ አብርቶ አየና ተሸካሚው እንጨት በስብሷል፣ ማንም እንዳይረግጠው አለ። መግቢያው ላይ ሳንቃ አጋድሞ አስመታበት። ውስጡ በሙሉ ይወጣል፣ የድንጋዩ ፊት ብቻ ቀርቶ ሆቴል ይሆናል አለኝ። ለምን? ውስጡ ስለተጎዳ። ከተጎዳ ለምን አይጠገንም አልኩት።

«ከየት ይጀመራል አባባ?» አለ እየሳቀ፣ በክፋት አይደለም።

ከየት እንደሚጀመር አሳየዋለሁ።

ሰኔ 18፣ ማታ

ሥራችን እንዴት እንደነበረ ልጻፍ። ሌላው ቢቀር ይህ ይቆይ።

ጣቃው ተፈትቶ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይሳባል። እኔ በአንድ ወገን ቆሜ አያለሁ። የላላ ድር፣ የተዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ፣ ያየሁትን አልነካም። ብቻ በጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ ልክ በእንከኑ ትይዩ፣ ቀይ ክር አስራለሁ። ጣቃው ወደ ጠጋኟ ያልፋል። እሷ ክሩን አይታ ትይዩውን ትፈልጋለች፣ በመርፌ ታክመዋለች፣ ስትጨርስ ክሩን በመቀስ ትቆርጠዋለች።

ክር ካለ እንከን አለ። ክሩ ከተቆረጠ ተጠግኗል። አለቀ። ደግሞ የሚያይ የለም። ደግሞ ማየት ጠጋኟን መስደብ ነው። ስንሠራ በኖርንበት ዘመን አንድ ጣቃ ተመልሶብን አያውቅም።

ጠጋኟ ማን እንደነበረች የታሪክ ጸሐፊዋ አልጠየቀችኝም። የልጄ እናት ነበረች።

አንዳንዴ ምንም እንከን በሌለበት ክር አስር ነበር። ፈልጋ ፈልጋ ታጣና መቀሷን እንደያዘች ትነሳለች፣ እኔ ድረስ ትመጣለች። «የቱ ጋ ነው ያየኸው?» ትለኛለች። «ቀረብ ብለሽ እዪው» እላታለሁ። ቀረብ ትላለች። እንዲህ እንዲህ ስንል ተጋባን። አንድ ቀን «እኔስ መቼ ነው እንዲህ የማታልልህ?» አለችኝ። ተራሽን ጠብቂ አልኳት።

ዘንድሮ አራተኛ ክረምቷ ነው ከሄደች። ነፍሷን ይማር።

ሰኔ 20

ጀመርኩ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲወጣ አንድ የሚነቃነቅ ደረጃ አለ። በትይዩው መደገፊያው ላይ ክር። የሚያንኳኳው መስኮት፣ መያዣው ላይ ክር። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ክር። የድልድዩ መደገፊያም ላይ አሰርኩ። በስብሷል ከተባለ በስብሷል፣ እንከን አልደብቅም። መሐንዲሱ ሲመለስ ቀይ ቀዩን እያየ ይጀምር።

ሰኔ 22

ዘበኛው ክሮቹን አየ። ቀጮ ነው የምንለው፣ ከመጥረጊያ ኋላ ቢቆም አይታይም።

«አባባ፣ ሕንጻውን ሊድሩት ነው እንዴ?» አለኝ።

ቀጣዩን ክር አሰርኩ። ትንሽ ቆይቶ ለልጄ ስልክ ሲደውል ሰማሁት።

ሰኔ 26

የደረጃው ክር ተቆርጧል። አልተፈታም፣ በስለት ነው የተቆረጠው፣ ቁራጩ መሬት ወድቋል።

መንገዴ ነውና ረገጥኩት። አይነቃነቅም።

ሰኔ 27

መስኮቱም። ክሩ የለም፣ ነፋስ አለ፣ መስኮቱ ጸጥ። ቀጮ መዶሻ ይዞ ሲወርድ አገኘሁት። የበሩን ማጠፊያ እየመታሁ ነበር አለ። እሱ ስለ ማጠፊያ ምን አገባው።

ሐምሌ 2

የቧንቧው ክር ተቆርጧል። ያንጠባጥባል ግን። ቆሜ አየሁት። ይህ አዲስ እንከን ነው፣ ያኛው ተጠግኖ ሌላ ወጥቶበታል። አዲስ ክር አሰርኩ።

ልጄ መጥታ ስትወጣ በሩ ላይ ቀጮን «ሲተኛ እየዞርክ አንሳለት፣ ካላየው ይተወዋል» ስትለው ጆሮዬ ገባ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ የሰው ወሬ አላደምጥም።

ሐምሌ 5

ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ከማዶ ድምፅ ሰማሁ። ከመስታወቱ ክፍል። ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ሲሳብ። ሽውው ይላል፣ ያርፋል፣ ሽውው ይላል። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ላስቲክ ይሆናል። እዚያ ላስቲክ የለም እንጂ።

ሐምሌ 8፣ ማታ

የታሪክ ጸሐፊዋ ፎቶ ልታነሳ መጣች። ድልድዩ ስለታጠረ ከደረጃው አናት ሆና ወደ መስታወቱ ክፍል አነጣጠረች። ካሜራውን ዝቅ አደረገችና «አሁን ማነው እዚያ የሚሠራው?» አለችኝ። ማንም አልኳት። «ታዲያ ጠረጴዛውን ማን ይወለውለዋል?»

አየሁ። ወለሉ አቧራ ነው። ወንበሮቹ አቧራ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የጨርቅ ስፋት ያህል ተጠርጎ ያበራል። ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ አቧራው እንደ ግራጫ ሱፍ ተጋድሟል።

መስታወቱ ተሰንጥቆ ነፋስ ይገባል አልኳት። ጻፈችው። ነፋስ በቀጥታ መስመር አይጠርግም፣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ካሜራዋን ከተተች። ደረጃውን ስትወርድ ቶሎ ቶሎ ነበር።

ሐምሌ 9

ቀጮን ሄደህ እይልኝ አልኩት።

«ከሦስተኛው በላይ እግሬን አላነሳም አባባ። ደሞዜ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

ሐምሌ 15

ከልጄ ጋር ተጣላሁ። ልብሴን በከረጢት ማጠፍ ጀመረች፣ ነጠቅኳት። እናትሽ እዚህ ነው ዓይኗን የጨረሰችው፣ እኔ ወዴት ነው የምሄደው አልኳት።

«እማዬ ዓይኗን ስለጨረሰችበት ነው እኮ ውጣ የምልህ» አለችኝ። «እሷ ለመውጣት ስትለምንህ አልነበረም?»

ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። ከረጢቱን ትታው ሄደች፣ ግማሹ ልብስ ታጥፎበታል። አሳምራ ማጠፏን እንኳ ማመስገን ነበረብኝ። እጀታውን ወደ ውስጥ ነው የምታጥፈው፣ እንደ እናቷ።

ሐምሌ 16

አልደወለችም።

ሐምሌ 18

አልደወለችም። እኔም አልደውልም።

ሐምሌ 19

ደወልኩ። ቧንቧው ያንጠባጥባል አልኳት። «እሺ አባዬ» አለችኝ። ሌላ ምን እላታለሁ።

ሐምሌ 25

ሥራው እየሄደ ነው። የምድሩ በር፣ ተቆርጧል። የሦስተኛው ፎቅ መደርደሪያ፣ ተቆርጧል። ማታ አስሬ እተኛለሁ፣ ጠዋት የለም። መሐንዲሱ ቢመጣ አፉን ይዞ ይቀራል። ማን እየሠራው እንደሆነ አልጽፍም። የሚያነበው ሰው ጃጀ ይላል።

አንዱ ክር ብቻ አለ። የድልድዩ። ከደረጃው አናት በየቀኑ አየዋለሁ። እሱ እስካለ አልሻገርም። ደንብ ደንብ ነው።

ሐምሌ 28

ከማዶ ድምፁ አሁን በየረፋዱ ነው። ሰማዩ ሲደፍን ይቆማል፣ ሲገለጥ ይጀምራል። ለምርመራ የሚሆን ብርሃን እስኪመጣ እንጠብቅ እንደነበረው።

ዛሬ ተቀምጬ አደመጥኩ። ፍጥነቱን አውቀዋለሁ። ቶሎ የሚስብ ሰው አይደለም።

ነሐሴ 4

መሐንዲሱ ሠራተኞች ይዞ መጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መደርደሪያ ነቃቀለ። እዩት፣ ተጠግኗል አልኳቸው። አንዱ ሠራተኛ ለሌላው «ሽማግሌው ብቻውን ያወራል» አለው፣ ቀስ ያለ መስሎት። መሐንዲሱ ድልድዩን ደግሞ አየና «አባባ፣ እባክዎ፣ ይህን ነገር እንዳይሞክሩት። ክብደቱ በአንድ እንጨት ላይ ነው የቀረው» አለኝ። ክር እስካለ እንደማልረግጠው ነገርኩት። ክሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። መልካም ልጅ ነው።

ነሐሴ 10

ልጄ ነገ ትመጣለች። ነገ ልብሴን ልትወስድ ነው፣ ከነገ ወዲያ እኔን። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ትቼ ብሄድ ማን ክር ያስራል? የማስረው ከሌለ እሷ እዚያ ማዶ ምን ትሠራለች?

ነሐሴ 11፣ ጠዋት

የድልድዩ ክር ተቆርጧል።

ፀሐይ ወጥታለች።

ሳንቃውን ነቀልኩት። ልጄ ስትመጣ አሳያታለሁ። ካየች እንድወጣ አትለኝም።

ነሐሴ 16

የምጽፈው ከልጄ ቤት ነው። የጀመርኩትን ልጨርሰው።

ተሻገርኩ። ድልድዩ አንዴም ሲጥ አላለም። እየረገጥኩ ወደ ታች አላየሁም፣ የተጠገነ ነገር አይፈተንም። የመስታወቱ ክፍል ደፍ ላይ ስደርስ ወዲያው ዞርኩ፣ የክፍሉ ሙቀት ጀርባዬን ገፋኝ። ልጄ ደረጃውን ስትወጣ ሰምቼ ነው የዞርኩት። ጠረጴዛው ከኋላዬ ሆነ። አላየሁትም።

ብቅ አለች፣ ሌላ ከረጢት ይዛ። ማዶ ቆሜ ስታየኝ ፊቷ ነጣ።

«እንዴት ተሻገርክ አባዬ?»

«ተጠግኗል። ክሩ ተቆርጧል፣ እዪው። ነይ፣ እናትሽ የሠራችበትን ላሳይሽ።»

መደገፊያውን አየች። «የዚህንም ቆረጠው?» አለች ለራሷ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ነይ አልኳት ደግሜ። ልትመልሰኝ ነው መሰለኝ፣ ከረጢቱን ጣለችና ድልድዩ ላይ ወጣች። ቀስ ብላ መሐሉ ጋ ደረሰች።

እዚያ ቆመች።

እኔን አይደለም የምታየው። በትከሻዬ አሳልፋ፣ ዝቅ አድርጋ፣ የተቀመጠ ሰው ራስ በሚሆንበት ቁመት ነው የምታየው። ያንን ፊቷን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከዚያ ሁሉ ወላጅ መሐል እኛን ስትለይ የሚበራው ፊቷ ነው። በራ። ከዚያ እንደ ሻማ እፍ ተባለ። አንድ እግሯን ወደ ኋላ መለሰች፣ ሌላውን መለሰች፣ ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ የድልድዩ መሐል ወረደ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ከታች፣ ከእብነ በረዱ፣ ተሰማ።

ከኋላዬ ጨርቅ ይሳባል። ሽውው፣ ያርፋል፣ ሽውው። በዚያ ቅርበት ስሰማው ምን እንደሆነ የምክድበት የለኝም። ልዞር አንገቴን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ወደ ኋላ እንዳትዞር» አለችኝ። አልጮኸችም። መንገድ መሐል የቆመ ሕፃን ልጅ እንደሚጠሩት ነው ድምፅዋ። «እኔን እያየህ ቁም። እኔን ብቻ።»

በዕድሜዬ የታዘዝኩትን ወዲያው ያደረግሁበት ቀን የለም። የዚያን ቀን አደረግሁ።

ቀጮ ከታች እየጮኸ ሰው ጠራ። የእሳት አደጋ ሰዎች መሰላል ይዘው እስኪደርሱ ልጄ ማዶ ቁጭ ብላ ታወራኝ ነበር። ክፍሌ መስኮቱ ወደ መንገድ እንደሆነ። አልጋው እንደማይሰምጥ። ጎረቤቷ ሽማግሌ እንደሆነና ዳማ ሲጫወት እንደሚያጭበረብር። ዓይኗ ሲያመልጥ ወደ ኋላዬ ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ የለበስኩት ኮት ጫፍ ሳብ ተደረገ። ቀስ ተብሎ፣ ሰው ቀረብ በል ሲል እንደሚስበው። ነፋስ ነው። ልጄ ግን ወሬዋን አቋርጣ ነበር።

«አይሆንም» አለች። ለእኔ አይደለም።

ከዚያ መሳቡ ቆመ። ሰዎቹ በመስታወቱ በኩል መጥተው አወረዱኝ። ሲያወርዱኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ነሐሴ 19

ቀጮ ሊጠይቀኝ መጣ። እጁን አጣምሮ ቆሞ ተናዘዘ። ክሮቹን ሲያነሳ የነበረው እሱ ነው። ደረጃውን በሚስማር መታው፣ መስኮቱን በእንጨት ወጠረው። ክሩን ካጣሁ እረሳዋለሁ ብላ ያዘዘችው ልጄ ናት። እሷም አለቀሰች፣ ልገድልህ ነበር እያለች።

«የድልድዩን ግን አልቆረጥኩም» አለ ቀጮ። «በልጆቼ። ከሦስተኛው በላይ አልወጣሁም። ያውቃሉ አባባ።»

አውቃለሁ። ልጄን አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች።

አንቺ አይደለሽም አልኳት። ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ። 

ነሐሴ 20

ቀጮ ከሄደ በኋላ ምን አይተሽ ነው የቆምሽው ብዬ ጠየቅኳት። ወለሉ ሲሰምጥ አየሁ አለችኝ። እኔንስ ለምን አትዙር አልሽኝ? ብትዞር ሚዛንህን ትስት ነበር አለች። ጥሩ መልስ ነው። እሺ አልኳት።

ነሐሴ 25

መሐንዲሱ ቤት ድረስ መጣ። ቁልፉን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መስታወቱን ከሰኞ ጀምሮ ያወርዱታል። በረፋድ አታውርዱት፣ ፀሐይ ሳለ አልኩት። ለምን አላለኝም። ከሰዓት በኋላ እናደርገዋለን አለ።

ነሐሴ 29

የታሪክ ጸሐፊዋ ደብተሩን ልትወስድ ነገ ትመጣለች። የሕንጻውን ነገር ትገልብጥ፣ ሌላውን ትተወው።

እዚህ ደህና ነኝ። አልጋው እውነትም አይሰምጥም። ሽማግሌው እውነትም ያጭበረብራል፣ ዛሬ ግን ረታሁት። ልጄ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የኔን በር ነው የምትከፍተው። ወንበሬ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው፣ እሷ ናት ያስጠጋችው፣ ከኋላዬ መርፌ እንኳ አይገባም። ቢሆንም ስትገባ መጀመሪያ ከኋላዬ ያለውን ታያለች። ደህና መሆኑን ስታይ ነው እኔን የምታየኝ።

ዛሬ ቶሎ አላየችኝም።